«ልዩ ልዩ» የተባለው ፎልደር

ጥር 27 ቀን 2016፣ ሰኞ

ሱቄን ሳልከፍት እትዬ አስናቀች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሚሞሪዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ባሏ ሐብታሙ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው፤ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። «የኔሰው፣ ያችን ድምፅ አውጣልኝ። ሽማግሎቹ ሊሰሟት ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትኖርበት ቤት ቦታው ሲመራ ሐብታሙ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ስለነበር በታላቅ ወንድሙ በአቶ ከፋለ ስም ተመዘገበ። ገንዘቡም ጉልበቱም የሐብታሙ ነው፤ ቢቸና ከተማ ይህን የማያውቅ የለም፣ አውቃለሁ ብሎ የሚመሰክር ግን አንድም የለም። ሐብታሙ ሲታመም ወንድሙን ጠርቶ፣ በስልኩ እየቀዳ ስለ ቤቱ ጠየቀው። ከፋለም «ቤቱ ያንተ ነው፤ ካንተ በኋላም የአስናቀች ነው፤ ስሙን አዞርላታለሁ» አለ። ዛሬ ግን «እንዲህ ያለ ነገር ካፌ አልወጣም፤ እስከ ፋሲካ ልቀቂ» ብሏታል። ያላት ያችው ድምፅ ናት።

ሚሞሪውን በሪደር ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት። ስሙ አለ። መጠኑ አለ። ስነካው አይከፈትም። ደግሜ ነካሁት፣ እንቢ።

«ምነው?» አለች።

«ሪደሩ ነው እትዬ፤ አቧራ ይዞታል። ከነገ ወዲያ ብቅ በይ።»



ጥር 28

ሪደሩ ምንም አልሆነም።

በሱቄ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በማርከር የጻፍኩት እኔው ነኝ። «የቱ ሚሞሪ ይሻላል?» ይላል። ጥቁሩ፣ ዝግ ይላል፣ ዋጋው ይወደዳል። ሰማያዊው፣ ስልክ ያግላል። ባለ ንስሩ ቀይ፣ ፈጣን፣ 64 ጊጋ፣ ርካሽ፤ ከሥሩም «የየኔሰው ምርጫ» ብዬ አስምሬበታለሁ። ዳታ ከተዘጋ ወዲህ እዚህ አገር ስለ ስልክ የሚነበብ ነገር ቢኖር ያ ወረቀት ነው። ገበሬው ልጁን ያስነብብና «በል ያችን ባለ ንስሯን ስጠኝ» ይላል።

እንዴት ፈትኜ ነው የመረጥኩት? ሦስት መዝሙር ጫንኩ፣ መጨረሻ የገባውን ከፍቼ ሰማሁ፣ «ግሩም ዕቃ!» አልኩ። አለቀ።

ዛሬ አንዱን አዲስ ባለ ንስር እስከ አፉ ሞላሁት። መጨረሻ የገባው ይከፈታል። ቀድሞ የገባው ስሙ ብቻ ቀርቷል። ዕቃው ስምንት ጊጋ ነው! ከስምንት ሲያልፍ አዲሱ አሮጌውን እየበላ ይሄዳል፤ ስሙን ግን አያጠፋም። ሰው ዝርዝሩን እያየ ሁሉም ያለ ይመስለዋል።

በታኅሣሥ በእትዬ አስናቀች ባለ ንስር ላይ ሠላሳ ጊጋ ሙሉ መዝሙርና ስብከት የጫንኩላት እኔ ነኝ። ያውም በነፃ፣ ሐዘንተኛ ናት ብዬ። ደግ መሆኔ ነበር።

ወረቀቱን አላነሳሁትም። ባነሳው ለምን አነሳህ እባላለሁ። ዛሬ ሁለት ባለ ንስር ሸጥኩ። ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ፣ እኔ አላሻሻጥኩም።

ጥር 30

መጣች። «ከስልኩ ላይስ አይገኝም?» አለች።

ስልኩ! መስከረም ላይ ሚሞሪውን ከኔ ስትገዛ ድምፁን አዙሬላት፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን የሐብታሙን ስልክ በልዋጭ ወስጄዋለሁ። ውስጡ ያለውን አጥፍቼ፣ ስክሪን ቀይሬ፣ ገበያ ለወጣ ሰው ሸጥኩት። ሰውዬው የሉማሜ ይሁን የአምበር እንኳ አላውቅም።

«ሞታ አንድ ባለሙያ አለ፤ የጠፋ ያወጣል። ለሱ እልከዋለሁ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሞታ የማውቀው ሰው አክስቴን ይርጋነሽን ብቻ ነው፤ እሷም ስልክ ስታነሳ ገልብጣ ነው የምትይዘው።

የካቲት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ አቶ ከፋለ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ደግ ፊት አላቸው፣ ይሄ ነው ክፋቱ።

«የአስናቀች ካርድ ተበላሸ አሉ?»

«ሞታ እንልከዋለን ጋሼ።»

«መንገዱ ተዘግቶ ሞታ ማን ይደርሳል ብለህ ነው? አትድከም ልጄ። ሴት ልጅ ስታዝን ያልተባለውን ሁሉ ተባለ ትላለች። ሱቅህስ እንዴት ነው? የመጪው ዓመት ኪራይ ላይ እንነጋገራለን ያለህን የሱቁን ባለቤት አውቀዋለሁ፣ ዘመዴ ነው።»

ሳቅ ብለው ሄዱ። ሳቅ ብዬ ቀረሁ። ቤት ገብቼ ስለ ሳቄ በራሴ ተናደድኩ።

የካቲት 6

አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ የስልክ ዜና የሞላ ሚሞሪ አመጣልኝ። የእኛ ጋዜጣ ይሄው ነው፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ በሰው ኪስ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ጽፌ ለጠፍኩት፦ አዲሱ ኤስ 24 ስልክ ወጣ፣ ዋጋው አይነገርም፣ የሚሞሪ ማስገቢያ የለውም።

አንድ ሽማግሌ አስነብበው ሲያበቁ «ታዲያ መዝሙሩን የት ሊያደርጉት ነው?» አሉ። «ኢንተርኔት ላይ ነው የሚያስቀምጡት አባቴ።» «ኢንተርኔቱስ ሲዘጋ?» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ መንገድ ላይ ታጣቂዎች ስልኩን ሁለት ቦታ እንደፈተሹበት ነገረኝ። ፎቶ በፎቶ እያገላበጡ፣ ይሄ ማነው፣ ያ ማነው እያሉ።  እሱ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከፍቼ «ልዩ ልዩ» በሚለው ፎልደር ላይ ጠቋሚውን አሳረፍኩ። ሰርዝ የሚለው ላይ ደርሼ እጄን መለስኩ።

አስናቀች ዛሬም መጥታ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቆይታ ሄደች።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሥራ የለም። እንግዲህ ልጻፈው፤ ለራሴ ካልጻፍኩት ለማን ልናገረው ነው።

ዳታ ሲዘጋ አዲስ ዘፈን ከየት ይምጣ? ከሰው ሚሞሪ ነዋ። ስለዚህ ሚሞሪ ሊያስጭን የመጣን ሰው ሁሉ፣ ከመጫኔ በፊት ያለውን ጠቅላላ ወደ ኮምፒውተሬ እገለብጣለሁ። ሰውዬው «ቶሎ በል» እያለ አጠገቤ ቆሞ እኔ እገለብጣለሁ። በኋላ ዘፈኑን ለቅሜ ሌላውን አጠፋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። አላጠፋሁም። ሙዚቃ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔ አልጀመርኩትም።

ፎልደሩን «ልዩ ልዩ» አልኩት። ውስጡ በሰው ስም፣ በሰው ስም ተደርድሯል። ከሦስት መቶ ያልፋል። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። ዐረብ አገር ካለች ሚስት የመጣ ድምፅ አለ። ለባል ብቻ ተብሎ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ያን አላየሁትም፣ አንድ ሁለቱን ብቻ ነው፣ ሳላውቅ። ጠመንጃ ይዞ የተነሳ የአንዱ ልጅ አለ። የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሳ የሌላው ልጅ አለ። ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። የትኛውም ወገን በሬን አንኳኩቶ ኮምፒውተሬን ቢከፍት ምን እሆናለሁ? የሰዎቹስ ልጆች?

የአስናቀችም አለ። ታኅሣሥ ላይ መዝሙር ስጭንላት አስቀድሜ ገልብጬዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን እንዳለኝ አውቃለሁ። «ሪደሩ ነው» ስላትም አውቅ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ብሰጣት ከየት አመጣኸው ትለኛለች። ያንዷን ከተናገርኩ የሁሉንም መናገሬ ነው። ባልሰጣት ቤቷን ታጣለች። ሰባት ጊዜ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩ፤ አራት እርምጃ ነው ሱቁ፣ የትም አያደርስም።

መብራቱ ሲመጣ ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል ድምፁን ሰማሁት። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። የከፋለ ቃል ሰባተኛው ላይ ያልቃል። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ሐብታሙ መቅጃውን ማቆም ረስቶታል። «አስኔ፣ እግሬን ጠቅልይልኝ» ይላል።  ቀጥሎ «ከታመምኩ ወዲህ ተቆጥተሽኝ አታውቂም። እስኪ እንደ ድሮው ተቆጪኝ» ይላታል። እሷ ታለቅሳለች። እሱ አይተዋትም፣ «ተቆጪኝ እንጂ!» ይላል። ከዚያ ትጀምራለች፦ «አንተ ግዴለሽ፣ ጫማህን እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው ይደናቀፍ አይልም፣ አምላኬ ምን አድርጌህ ነው ይህን ሰው…» እሱ እየሳቀ ይሰማታል፣ እሷም እያለቀሰች ትስቃለች።

ሚስቴ ወይንእሸት እኔን መቆጣት ካቆመች ቆየች። በመጀመሪያ ዕረፍት መስሎኝ ነበር።

የካቲት 11፣ ሰኞ፣ ሞታ

መንገዱ ተከፈተ። በሚኒባስ መጣሁ። ድምፁን ትናንት በደህናው ጥቁር ሚሞሪ ላይ አድርጌው ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። ባለሙያ የለም፤ መሄዴን ግን ሰው ማየት አለበት።

አክስቴ ይርጋነሽ አቅፋ ሳመችኝና «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም።» «ታዲያ በዚህ መንገድ ምን ቆርጦህ መጣህ?» «ናፍቃችሁኝ ነው።» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አይ የኔሰው፣ ልጅ ሆነህም ውሸት ስትናገር ጆሮህን ታሻለህ» አለችኝ። እጄን ከጆሮዬ አነሳሁ።

መንገድ ላይ አንድ ቦታ አስወርደው ፈተሹን። ስልኬን የያዘው ልጅ ድምፁን አየና «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «የዘመድ ኑዛዜ ነው» አልኩት። ትንሽ ሰምቶ መለሰልኝ፤ «ነፍስ ይማር» አለኝ።  ከደብረ ወርቅ ወዲህ ደግሜ ሰማሁት፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሌላ የምሰማው ነገር አልነበረኝም።

የካቲት 13

አስናቀችን አሰማኋት። ሱቁን ዘግተን፣ እሷ በርጩማው ላይ፣ እኔ ቆሜ። የከፋለ ቃል ሲያበቃ፣ በሩ ሲዘጋ ስትሰማ፣ «በቃ! ዝጋው!» ብላ ጮኸች። ዘጋሁት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት።

«ያን የሞታውን ሰው ስሙን ንገረኝ፤ ስዕለት አገባለታለሁ።»

«ኃይለ ሚካኤል» አልኳት። ኃይለ ሚካኤል የሚባል ሰው አላውቅም።

«ኃይለ ሚካኤልን እመቤቴ ትጠብቀው። አንተንም ትጠብቅህ» አለች። ምርቃቷን ቆሜ ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

የካቲት 18፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ። ቅዳሜ፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ሽማግሎቹ ድምፁን በሩ እስከሚዘጋበት ድረስ ሰሙ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ነው። «የጠፋ ትመልሳለህ አሉ!» ሁሉም ባለ ንስሩን ይዞ መጥቷል፤ እኔው የሸጥኩለትን። «የእናቴ ፎቶ ነበረበት።» «የልጄ ክርስትና ነበረበት።» ስሙ አለ፣ አይከፈትም።

የሦስቱን መለስኩላቸው። ሦስቱ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነበሩ። «ወደ ሞታ መላክ ሳያስፈልግ ተማርክ ማለት ነው» አለኝ አንዱ። አዎ አልኩት። የአንዲት ሴት ግን የለኝም። መስከረም ላይ ከኔ ገዝታ ከዚያ ወዲህ ሱቄ አልመጣችም። «ለሌላው መልሰህ ለኔ ምነው? ምን በደልኩህ?» አለች። የሞተ ልጅ አላት። 

ወረቀቱን ዛሬ ከበሩ ቀደድኩት። የቀሩትን ባለ ንስሮች በመዶሻ ቀጠቀጥኳቸው። ወይንእሸት ከሥራ ስትመለስ ስብርባሪውን አይታ «ምን እየሆንክ ነው?» አለች። «አሮጌ ናቸው» አልኩ። ማሸጊያቸው መሬት ላይ ወድቆ ነበር፣ አዲስ።

የካቲት 20

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ሱቅ ድረስ መጡ። የሽማግሎቹ ሰብሳቢ ናቸው። በርጩማ ሰጠኋቸው።

«ከፋለ ምን አለ መሰለህ? የጠፋ ድምፅ ከመቃብር የሚያወጣ ሰው፣ የሌለ ድምፅ መሥራት አያቅተውም አለ።»

«መሪጌታ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር…»

«እኔ አምንሃለሁ። አባትህን አውቃለሁ። ግን ነገሩ የሚቆረጥ በመሐላ ነው። ቅዳሜ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ካርዷን በእጅህ ይዘህ ትምላለህ። ከዚህች ካርድ ያወጣሁት ነው፤ አልጨመርኩም አልቀነስኩም ትላለህ። ከማልክ ቤቱ የሷ ነው። ካልማልክ ግን እኛም የምንይዘው የለንም።»

«እሺ መሪጌታ» አልኳቸው።

እሺ! እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 22፣ ዓርብ

ለወይንእሸት ነገርኳት። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የከተማው በሽታ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የእህቴ የጸደንያ አለ?»

«አለ።»

«የኔስ?»

«አንቺ ሚሞሪ የለሽም።»

«ቢኖረኝስ?»

ስልኬን ከጠረጴዛው አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስሠራ የጎረቤቴን ካርድ ገልጬ አላውቅም። አንተ ሦስት መቶ ሰው ገልጠህ አንድ ቀን እንቅልፍ አጣሁ ሳትል…» አለች። ከዚያ ጮኸች። ለረጅም ጊዜ ጮኸች። ሲበቃት «አሁኑኑ ሂድና ፎልደሩን ሰርዘው። ነገም ማልና ንስሐ ግባ። ይቺ ሴት ቤቷን ልታጣ ነው፣ እኛም ከዚህ አገር ልንባረር ነው። ማል!» አለችኝ።

ሱቅ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የምትለው ልክ ነው፤ ሰርዤ ብምል ማንም አያውቅም። አስናቀች ታገኛለች፣ እኔ እድናለሁ። ግን በሐሰት ካርዷን ይዤ ደጀ ሰላሙ ላይ? እናቴ በሐሰት ምሎ የታመመ ሰው ቤት ውሃ አንጠጣም ትለን ነበር። ደግሞ እውነቱን ብናገር ሽማግሎቹ ድምፁን ሌባ ያመጣው ነው ብለው ይጥሉት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ እሷንም እኔንም ገደልኩ። በየትም ዞሬ አየሁት፣ የሚያስወጣ የለውም።

አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ ልቤን ለማረጋጋት። ሳልሰርዝ ዘግቼ ወጣሁ።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ አልተበተነም። ወሬው ደርሶታል። ሽማግሎቹ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከፋለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። አስናቀች ከሴቶቹ ጋር በግንቡ ጥግ። ደንበኞቼን አየኋቸው፣ አንድ በአንድ። ጸደንያ አለች። ያች የሞተ ልጅ ያላት ሴት አለች።

መሪጌታ ካርዷን እጄ ላይ አስቀመጡ። ጥፍር የምታህል ነገር፤ እጄን ግን ከበደችው።

«በል ልጄ።»

«አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ ይህን እምላለሁ» አልኩ። «ከዚህች ካርድ ግን አልወጣም።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ከፋለ ቀና አሉ። እኔ ካቆምኩ እንደማልቀጥል ስላወቅኩ ሳልተነፍስ ተናገርኩት። ሞታ ባለሙያ የለም አልኩ። ካርዷ ሐሰተኛ ነው፣ መርጬ የሸጥኩላት እኔ ነኝ፣ ድምፁን ያስበላሁትም እኔ ነኝ አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ሳታውቅ ገልብጬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀርቼዋለሁ፤ የሰጠኋት ያንን ነው። የሷ ብቻ አይደለም፤ ሱቄ የመጣ ሰው ሁሉ አለኝ።

 መሪጌታ አላዩኝም። ወደ ከፋለ ዞሩ።

«የሰረቀ ሰው የሰረቀውን አመጣ። ይህ የሱ ዕዳ ነው። ያንተ ሌላ ነው። ድምፁ የኔ አይደለም በልና አንተም ማል።»

ከፋለ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዩ፣ ወደ ሰዉ አዩ።  «ድምፁ የኔ ነው» አሉ። ስሙ እንዲዞር እዚያው ተፈረደ። አስናቀች እልል አላለችም።

ከዚያ ወደኔ ተመለሱ። «የኔም አለ?» አለች አንዲት ሴት። «አለ።» «የኔስ?» «አለ።» «የልጄ ፎቶ? ያ ልብሱን ለብሶ የተነሳው?» አዎ አልኳቸው፣ አዎ፣ አዎ። ጸደንያ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ፊቷን ሸፍና ሄደች። አንዱ እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ። መሪጌታ ሰኞ ሽማግሎች ባሉበት ሁሉም የራሱን ወስዶ ሌላው በፊታቸው እንዲጠፋ፣ ሱቁም እስከዚያ እንዳይከፈት አዘዙ። ቁልፉን አስረከብኩ።

ሰዉ ሲያልቅ አስናቀች ከግንቡ ጥግ አልሄደችም። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ይቅር በይኝ ልላት ነበር።

«ሰምተኸዋል?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ከፋለ ከወጣ በኋላ ያለውንም?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

ጆሮዬን ልነካ የተነሳ እጄን ያዝኩት። «አልቆጠርኩም» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ሐብታሙ ሲናገረው አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት» አለች። «ብቻዬን ስሆን እሰማዋለሁ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማው፣ አስቀምጬው ነበር።»